የወተት ጥርስ ችሎት

በአሰብ ከተማ ሕግ ያልደረሰበት ነገር ቢኖር ሙቀቱ ብቻ ነበር። እርሱንም ቢሆን አቶ ወልደየሱስ በአንድ ስብሰባ ላይ «በሚመለከተው ክፍል እየተጠና ነው» ብለው ስለነበር ተስፋ አልቆረጥንም። የቀረው ሁሉ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ፣ በደንብና በመመሪያ የታቀፈ ነበር። ይህን የምጽፈው ያ ሥርዓት ከትልልቆቹ አልፎ ገና የወተት ጥርሳቸው ላልረገፈ ዜጎች እንዴት እንደተዳረሰ ለመጪው ትውልድ እንዲቀር ብዬ ነው። መጪው ትውልድ ያነበዋል ብዬ አላምንም፤ ግን ጸሐፊ ነበርኩና መጻፍ ልማድ ሆኖብኛል።

አቶ ወልደየሱስ የመሥሪያ ቤታችን ዲሬክተር ነበሩ። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ ምን እንደሚሠራ ያልገባው ሰው ውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጥም ሞልቶ ነበር። ወደ አሰብ ከመዛወራቸው በፊት በደጋ አገር የችሎት ጸሐፊ ስለነበሩ፣ ክርክር ካልሰሙ ምሳ የማይረጋላቸው ሰው ናቸው። አሰብ በዚህ በኩል አሳዘነቻቸው። ሕዝቡ ከሙቀቱ የተነሣ ለመጣላት እንኳ አቅም የለውም። ጠዋት የተሰዳደቡ ሁለት ሰዎች ቀትር ላይ አንድ ጥላ ሥር ተኝተው ይገኛሉ። እንዲህ ባለ አገር ዳኝነት ዝገት ይይዘዋል።

ሁለተኛው የከተማው ችግር አያት አለመኖሩ ነበር። መንግሥት ሠራተኛን ከሸዋም ከጎጃምም ያዛውራል፤ አያትን የሚያዛውር ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ስለዚህ እናቶች ስልክ ቤትና ጽሕፈት መኪና ላይ ሲቀመጡ ልጆች የሚውሉበት ጠፋ። አቶ ወልደየሱስ ከጣሊያን የቀረውን የገመድ መጋዘን አስጠርገው፣ ጣሪያው ላይ ቬንቲላተር አሰቅለው፣ የሕፃናት መዋያ አሉት። ቬንቲላተሩ አይዞርም፤ ልጆቹ ግን ከሥሩ ይዞራሉና ያው ነው። ለጠባቂነት ወይዘሮ ከበደች ተሾሙ። ወይዘሮ ከበደች የራሳቸውን ልጆች አሳድገው ስለደከሙ፣ የሰውን ልጅ ተቀምጠው ማየት የሚመርጡ ሴት ነበሩ።

ሰላም የደፈረሰው ሁሪያ የተባለች የአራት ዓመት ልጅ የዲሬክተሩን ልጅ የአሥራትን ጣት የነከሰች ዕለት ነው። የሁሪያ እናት አሊማ ከወሎ የመጣች፣ በመሥሪያ ቤቱ ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ባሏ ሳኒ በጀልባ ጨርቅ ጭኖ ለንግድ ዒድ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ከሄደ ሰንብቷል፤ «ነፋሱ ሲመቸው ይመጣል» ይላሉ የሚያውቁት። ነፋሱ እስኪመቸው ድረስ እናትና ልጅ የሚበሉት ከዚያው ወጥ ቤት በሚገኘው ደመወዝ ነው። ለልጅቱ መዋያው ከተዘጋ ለእናቲቱ ወጥ ቤቱ ይዘጋል ማለት ነው።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። «ልጅቱ ትባረር» አሉ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊው አቶ ሣህሉ። አቶ ሣህሉ ልጅ የላቸውም፤ ከዚህም የተነሣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ጥርት ያለ አስተያየት ነበራቸው።

አሊማ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እንደተለጠፈ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጌታዬ፣ የት ልጣላት?» አለች።

«እሱ በአጀንዳው ላይ የለም» አሉ አቶ ሣህሉ።

«ወጥ ቤት ይዣት ብገባ እሳት አለ። ቤት ብተዋት ባሕር አለ። የት ልጣላት?»

እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችው። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስለነበር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ለአንጀት የተመደበ ቦታ ስለሌለ፣ «የተከሳሽ እናት አስተያየት ሰጠች» ብዬ አለፍኩ።

«እንግዲያው በርበሬ ትታጠን» አሉ አቶ ሣህሉ፣ ለማግባባት ያህል።

አቶ ወልደየሱስ ብድግ አሉ። እርሳቸው ብድግ ካሉ ንግግር አለ ማለት ነው፤ እኔም አዲስ ወረቀት ሳብኩ።

«በዚህ በሥልጣኔ ዘመን በሕፃን ላይ እጅ አይነሣም» አሉ። «ለመሆኑ አባቶቻችን ጎራዴ የመዘዘን ሰው በምን ያቆሙት ነበር? በዱላ ነው? አይደለም። ‹በሕግ አምላክ› ይሉታል፤ ይቆማል። በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽስ? ኩታቸው ከኩታቸው ተቋጥሮ፣ ያለ ዘብ፣ ተራራ ወጥተው ቆላ ወርደው ከዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ቁራኛ ይሉታል። ይህን የመሰለ ሥርዓት እያለን ከሕፃን ጋር የምንታገልበት ምክንያት ምንድን ነው?»

ምክንያቱን የሚያውቅ አልተገኘም። አሰብ ወራጅ ውኃ ስለሌላት የምሳሌው እውነትነት በቦታው ሊጣራ አልቻለም። ባሕሩ ደግሞ በሕግ አምላክ ቢባል እንደማይቆም ዓሣ አጥማጆቹ ነግረውናል።

ደንቡ በዚያው ወጣ። ሊናከስ ወይም ሊማታ የተነሣ ሁሉ በሕግ አምላክ ሲባል ባለበት ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ ዋስ እስኪያገኙ ወይም ነገራቸው እስኪታይ ልብሳቸው ተቋጥሮ አብረው ይውላሉ። ነገሩ ሳይታይ ከሳሽን ማባረር አይቻልም። ሁለተኛ የነከሰ ግን ከመዋያው ይወጣል። መጨረሻ ላይ «ይህ ደንብ ትልቅ ትንሽ ሳይል በግቢው ውስጥ ባለ ሰው ሁሉ ላይ የጸና ይሆናል» የሚል አስጨመሩኝ። ይህችኛዋ ለጌጥ ነበረች፤ ደንብ እንደዚህ ያለ መዝጊያ ከሌለው ራቁቱን የቀረ ይመስላል።

በማግስቱ የሁሪያ ቀሚስ ጫፍ ከአሥራት ሸሚዝ ጫፍ ጋር ተቋጠረ። መጀመሪያ እርሱ ወደ በሩ፣ እርሷ ወደ ውኃው ጋን ተጓተቱ፤ ሸሚዙም ተተረተረ። ቀትር ላይ ግን አንድ ሰሌን ላይ ተኝተው ተገኙ። አሥራት እስከዚያ ቀን ድረስ ከእናቱ ቀሚስ ርቆ የማያውቅ፣ ዝንብ ሲያርፍበት ሰው የሚጠራ ልጅ ነበር። ሁሪያ መስኮቱ ጋ ጎትታ ወስዳ መርከብ አሳየችው፤ በበሩ ሥር ሾልኮ የገባ ሸርጣን በየት በኩል እንደሚያዝም አስተማረችው። ማታ እናቱ ልትወስደው ስትመጣ «እስረኛ ነኝ፣ አልሄድም» ብሎ አለቀሰ።

ለሕፃን ቀኑን ሙሉ ከጓደኛ ጋር ታስሮ መዋል ቅጣት መሆኑን ያስረዳው ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ቀኑ። ብርቅዬ የተባለች ልጅ የገዛ ክንዷን ነክሳ «ዓሊዪ ነከሰኝ» ስትል ከሰሰች። ዓሊዪ የፊት ጥርሱ ከሣጥን ላይ ወድቆ የወለቀበት ልጅ ነው፤ ቢሆንም ሳያቅማማ አመነ። ወይዘሮ ከበደችም ቋጠሯቸው። ብዙም ሳይቆይ በመዋያው ያልተከሰሰና ያልተቋጠረ ልጅ ጠፋ። አንዱን ሲስቡ ሁሉም እንደ ግመል ቅፍለት ይከተላል። ወይዘሮ ከበደች የመጨረሻውን ልጅ ከወንበራቸው እግር ጋር ቋጥረው ማንቀላፋት ጀመሩ። ሥርዓቱ ከእርሳቸው የበለጠ ደጋፊ አልነበረውም።

በሕግ አምላክ የሚለውም ቃል ሥር ሰደደ። ብርቅዬ ገንፎ የያዘ ማንኪያ ወደ አፏ ሲመጣ «በሕግ አምላክ» ብላ ታቆመዋለች፤ ወይዘሮ ከበደችም ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዙ ይቀራሉ። ልጆቹ ታጠቡ ሲባሉ በሕግ አምላክ፤ ተኙ ሲባሉ በሕግ አምላክ። «እንዴት ያለ ሕግ አክባሪ ትውልድ ነው» አሉ አቶ ወልደየሱስ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

እርሳቸው እንደ ገና የተወለዱ ያህል ሆነዋል። ከጠዋት ጀምሮ ችሎት ነው። ለፊርማ የመጣ አንድ የግሪክ መርከብ አዛዥ ከብርቅዬና ከዓሊዪ ኋላ ተራ ይዞ ዋለ። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ያፏጫል፤ እኛ ማን ማንን እንደቆነጠጠ ምስክር እንሰማለን። የሁሪያና የአሥራት ነገር የተሰማ ዕለት አሊማ የተቆላ ሽንኩርቷን ጥላ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ነክሰሻል ወይስ አልነከስሽም?» ሲሉ ጠየቁ ዳኛው።

«ነክሻለሁ» አለች ሁሪያ።

«በምን ምክንያት?»

«ጣቱ አፌ ውስጥ ነበረ።»

«ጣቱ አፍሽ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ከረሜላዬን ይፈልጋል።»

አቶ ወልደየሱስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እውነት ነው?»

አሥራት ትንሽ አሰበና «ቀይ ነበረ» አለ።

«ከረሜላው አሁን የት ነው?»

«በላሁት» አለች ሁሪያ።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በአንድ በኩል የልጃቸው ጥፋት እንደ ፀሐይ ወጥቷል፤ በሌላ በኩል ልጃቸው ነው። «ማስረጃው ስለተበላ» አሉኝ፣ «ነገሩ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል ብለህ ጻፍ።»

ስወጣ አሊማ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ልጄ ትወጣለች ወይ?»

«ሁለተኛ ካልነከሰች አትወጣም።»

«ወላሂ፣ ጣት ካልከተቱባት አትነክስም» አለች። ቀጥላም «ይህ ሁሉ ትልቅ ሰው ባለበት ግቢ ጣት ከአፏ ማራቅ እንዴት አቃተ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ለኮሚቴ የሚቀርብ ስለሆነ ወረቀቴን ሰብስቤ ሄድኩ።

በዚህ መካከል ከአዲስ አበባ ፊታውራሪ ወሰኔ የሚባሉ ትልቅ ሹም መሥሪያ ቤቱን ለመጎብኘት በአውሮፕላን እንደሚመጡ ተነገረ። አቶ ወልደየሱስ ንግግር አዘጋጁ። ርእሱ «እጅ ሳይነሣ ልጅን ማረቅ» የሚል ነበር። እንግዳው ከመድረሳቸው በፊት ልጆቹ ሁሉ ተፈትተው፣ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው እንዲሰለፉ ታዘዘ፤ በእንግዳ ፊት የተቋጠረ ሕፃን የአስተዳደር ጉድለት ያስመስላል ተብሎ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ወይዘሮ ከበደች የቋጠሩት ግን ተቀምጠው ነበርና፣ በላብና በለሃጭም ርሶ ደርቆ ስለነበር አልፈታ አለ። እየጮኹና እየተሳደቡ በጥርሳቸው ፈቱት።

ፊታውራሪ ወሰኔ ለክብራቸው ሲሉ ከአዲስ አበባ የለበሱትን የሱፍ ካፖርት ሳያወልቁ ገቡ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ከማይዞረው ቬንቲላተር ሥር ወንበር ተሰጣቸውና ሽቅብ እያዩት ተቀመጡ። አቶ ወልደየሱስ ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«ክቡር ፊታውራሪ፣ በዚህ መዋያ ማንኛውም ሰው በሕፃን ላይ እጁን ሳያነሣ፣ በሕግ ብቻ...»

«ቋጥሩኝ» ሲል አለቀሰ አሥራት። ከሰልፉ ወጥቶ የሁሪያን ቀሚስ ጫፍ ይዟል። «ከእሷ ጋር ቋጥሩኝ።»

«...በሕግ ብቻ እየታረመ...» አሉ አባቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ቋጥሩኝ።»

«...የሚያድግበት ሥርዓት...»

አሥራት መሬት ላይ ተንከባለለ። አቶ ወልደየሱስ ንግግሩን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ያ እጅ ምን ሊያደርግ እንደተነሣ በመዋያው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የተሰወረ አልነበረም።

«በሕግ አምላክ» አለች ሁሪያ።

ጮክ ብላም አልተናገረችው። እጁ ግን ባለበት ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄደ። አቶ ወልደየሱስ ብዙ ነገር ነበሩ፤ ግብዝ ግን አልነበሩም። ያመኑበትን ነገር ሕፃን ብታዝዛቸውም ያከብራሉ። እንደዚያ ቆመው ሳያቸው አዘንኩላቸው።

ፊታውራሪ ወሰኔ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ። «ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ» አሉ። «ማነው ያቆማቸው?»

«እኔ» አለች ሁሪያ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከልማድ ብዛት ነው። ወይዘሮ ከበደች ቃሉን ሲሰሙ ከእንቅልፋቸው ባንነው፣ መጥተው፣ ማን መሆኑን ሳያዩ የዲሬክተሩን ጃኬት ጫፍ ከሁሪያ ቀሚስ ጫፍ ጋር ቋጠሩና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«በምን ከሰስሻቸው?» ሲሉ ጠየቁ ፊታውራሪው፣ ፊታቸው እየፈካ።

ሁሪያ አፏን ከፈተች። አቶ ወልደየሱስ ዘወር ብለው «ዝም በይ፣ የኔ ልጅ» አሉና መዳፋቸውን አፏ ላይ ጫኑ። ወዲያው ንግግሩ ከእጃቸው ወደቀ፤ እርሳቸውም ችሎት ላይ የማይባል ቃል ተናገሩ።

«ሁለተኛዋ ናት» አሉ አቶ ሣህሉ፣ ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። «ደንቡ ግልጽ ነው። ሁለተኛ የነከሰ ይወጣል። ትውጣ።»

አሊማ ጩኸቱን ሰምታ ጭልፋ እንደያዘች በሩ ላይ ደርሳለች። «ትውጣ» የሚለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ያን ጊዜ ደንቡን በእጄ የጻፍኩት መሆኔ ደስ አላለኝም።

ፊታውራሪ ወሰኔ ግን እንደ ዲሬክተሩ ሁሉ ችሎት የሚናፍቃቸው ሰው ነበሩ። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

«ነክሰሻል?»

«ነክሻለሁ።»

«ለምን?»

«እጁ አፌ ላይ ነበረ።»

ፊታውራሪው ወደ ዲሬክተሩ ዞሩ። «አቶ ወልደየሱስ፣ እጅዎ እዚያ ምን ይሠራ ነበር?»

አቶ ወልደየሱስ እኔን አዩኝ፤ ቬንቲላተሩን አዩት። 

«ከረሜላ ፈልጎ ነው» አለ አሥራት፣ ነገሩን በሕይወቱ የሚያውቅ ምስክር።

«ቀጠሮ ይሰጠኝ» አሉ አቶ ወልደየሱስ በቀስታ።

ፊታውራሪው ደንቡን አስነበቡኝ። ለጌጥ ያስጨመሩኝን «ትልቅ ትንሽ ሳይል» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ሰጡ። ከሳሽ ነገሯ ሳይታይ አትባረርም። ነገሩን የሚያየው ዳኛ ራሱ ተከሳሽ ስለሆነ፣ ፊታውራሪውንም አውሮፕላን ስለሚጠብቃቸው፣ ጉዳዩ የሁሪያ የወተት ጥርስ ረግፎ ዋናው ጥርሷ እስኪበቅል ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ ልጅቱ በመዋያው፣ እናቷም በወጥ ቤቱ ይቆያሉ። «ተከሳሹም» አሉ ለመነሣት እየተዘጋጁ፣ «ዋስ ካገኙ አሁኑኑ ይፈቱ። ካጡ ግን እንደተቋጠሩ ይቆያሉ።»

ዋስ ተፈለገ። አቶ ሣህሉ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ ሠራተኛን እንጂ ሹምን መዋስ እንደማይችል አስረዱ። ወይዘሮ ከበደች ተኝተዋል። እኔም የችሎት ጸሐፊ ዋስ እንደማይሆን ትዝ አለኝ። የቀሩት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ ትናንት «ጌታዬ» ሲሏቸው የዋሉት ሁሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው መርከቡን ይቆጥሩ ጀመር። መርከቡ አንድ ብቻ ነበር።

«እኔ እዋሳቸዋለሁ» አለች አሊማ።

«አንቺ ማን ነሽ?» አሉ ፊታውራሪው።

«የከሳሿ እናት ነኝ።»

«የከሳሽ እናት ተከሳሽን ስትዋስ በዕድሜዬ አላየሁም። ምን ሆነሽ ነው?»

አሊማ አቶ ወልደየሱስን አየቻቸው። የተነከሰ እጃቸውን ታቅፈው፣ በጃኬታቸው ጫፍ ከልጇ ጋር ተቋጥረው፣ ራሳቸውን አቀርቅረው ቆመዋል።

«ካልተፈቱ ከልጄ ጋር ተከትለውኝ ሊመጡ ነዋ» አለች። «ወጥ ቤት ይዣቸው ብገባ እሳት አለ። ቤት ብተዋቸው ባሕር አለ። ጌታዬ፣ የት ልጣላቸው?»